ከየት ወደ የት? የማሳ ምርጫን በሠንጠረዥ ማነጻጸር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራን አልፎ ወደ አዲስ ቅዳም ሲቃረብ፣ ግራና ቀኙ መልኩን ይለውጣል። ግንዳቸው የቀጠነ፣ ቅጠላቸው እንደ ላባ የተበጣጠሰ ዛፎች ከማሳ ማሳ ተያይዘው ኮረብታውን ሸፍነውታል። ከመካከላቸው ነጭ ጭስ ይነሣል፤ አፈር የለበሰ የእንጨት ክምር ቀስ እያለ እየነደደ ከሰል ይሆናል። መንገድ ዳር የተደረደሩ ጆንያዎች ጫኝ መኪና ይጠብቃሉ። ወረድ ብሎ ያለው ማሳ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ከሩቅ ሲያዩት የጤፍ እርሻ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት በጤፉ መካከል በመስመር የተተከሉ ችግኞች አሉበት። ይህ ማሳ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ደን ይባላል። ከዚያ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል።

ቦታው በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ዛፉ የአካባቢው ሰው «ዲከረንስ» የሚለው፣ አገሩ አውስትራሊያ የሆነ የግራር ዘመድ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለው ገበሬ ማሳውን ለዛፍ መስጠት የጀመረው ከሰሉ ገበያ ስላገኘለትና ዛፉ አፈሩን ያሳርፋል ብሎ ስላመነ ነው። ዛሬ ስለዚህ አካባቢ የሚጠየቅ ሰው እንደ ሙያው የተለያየ መልስ ይሰጣል። የደን ባለሙያው አረንጓዴው ጨመረ ይላል። ከብት አርቢው ሽማግሌ ግጦሹ አለቀ ይላሉ። ነጋዴው ከሰል በዛ፣ የቤት እመቤቷ ደግሞ ጤፍ ተወደደ ይላሉ። ሁሉም ከዓይናቸው ፊት ያለውን ነው የተናገሩት። መልሶቹን በአንድ ላይ ማየት የሚቻለው ግን የማሳዎቹ ጉዞ ሲታወቅ ነው። የትኛው ማሳ ከምን ተነሥቶ ምን ሆነ?

ለዚህ ጥያቄ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ የሽግግር ሠንጠረዥ ወይም የሽግግር ማትሪክስ ይባላል። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይታያል፤ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋም በጥቂት መስመር ትእዛዝ ያወጣዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። የሽግግር ሠንጠረዥ ድምር የሚደብቀውን ጉዞ ይገልጣል፤ ሁለት ሠንጠረዦች ሲነጻጸሩ ግን ምድባቸው፣ መነሻቸው፣ ዘመናቸውና የቀለም መለኪያቸው አስቀድሞ ካልተስተካከለ ራሳቸው ሌላ መደበቂያ ይሆናሉ። ሥዕል የዚህ ማስተካከያ የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያ ይደረጋል።

ድምር የማይናገረው

ለምሳሌ ያህል መቶ ማሳዎች ያሉባት አንዲት ቀበሌ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት 70ው እርሻ፣ 10ሩ ዲከረንስ፣ 20ው ግጦሽ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር እርሻ 66፣ ዲከረንስ 24፣ ግጦሽ 10 ሆነ። ሪፖርት የሚያነብ ሰው እርሻ በአራት ማሳ ብቻ ቀነሰ፣ ነገሩ ቀላል ነው ብሎ ያልፋል። ደኑ የገባው በግጦሹ ነው ብሎም ይደመድማል።

አሁን ማሳ በማሳ እንከተለው። ከ70ው እርሻ 56ቱ እርሻ ሆነው ቀሩ፤ 14ቱ ዲከረንስ ተተከለባቸው። ከ10ሩ ዲከረንስ 6ቱ ቀጠሉ፤ 4ቱ ተቆርጠው ታረሱ። ከ20ው ግጦሽ 10ሩ ግጦሽ ሆነው ቆዩ፤ 6ቱ ታረሱ፤ 4ቱ ዲከረንስ ሆኑ። እርሻ አራት ማሳ ብቻ አጣ የተባለው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። 14 ማሳ ወጥቶበታል፤ 10 ማሳ ገብቶለታል። ደኑ በብዛት የበቀለው በእርሻ ላይ ነው፤ እርሻውም የጎደለበትን ከግጦሽና ከተቆረጠ ደን ሞላ። ሽማግሌው ግጦሽ አለቀ ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ የተጠላለፈ ጉዞ ነው፤ በድምሩ ውስጥ ግን አይነበብም።

> ድምር የቀረውን ይቆጥራል፤ የሽግግር ሠንጠረዥ የሄደውንና የመጣውን ይለያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረድፎቹ መነሻውን፣ ዓምዶቹ መድረሻውን ይይዛሉ። ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ በሚወርደው ሰያፍ መስመር ላይ ያሉት ሳጥኖች ያልተለወጡትን ያሳያሉ፤ ከሰያፉ ውጭ ያለው ሁሉ ጉዞ ነው። ዕቃው ማሳ መሆን የለበትም። ባለፈው ምርጫ አንዱን ፓርቲ መርጦ ዘንድሮ ወደ ሌላው የሄደ ድምፅ ሰጪ፣ የሳሙና ዓይነት የቀየረ ሸማች፣ ከአባቱ ሙያ የወጣ ልጅ፣ ሁሉም በዚሁ ሠንጠረዥ ይቆጠራሉ።

በፑሽኪን ፊደላት ላይ የተደረገ ቆጠራ

የዚህ አስተሳሰብ አባት ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ ነው። በዘመኑ ፓቬል ኔክራሶቭ የተባለ ሌላ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ የብዙ ቁጥሮች ሕግ (ቆጠራው ሲበዛ አማካዩ ይረጋል የሚለው) የሚሠራው ነገሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ማርኮቭ የተያያዙ ነገሮችም ለሕጉ እንደሚገዙ በ1906 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳየ። በ1913 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ምሳሌ ይዞ ቀረበ፤ ምሳሌውም የፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ነበር። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በቅድመ አያቱ በአብራም ጋኒባል አፍሪካዊነት ምክንያት በልዩ ፍቅር የሚያነሡት ያው ፑሽኪን ነው። ማርኮቭ ከመጽሐፉ 20,000 ፊደላትን በእጁ ቆጠረ፤ እያንዳንዱን አናባቢ ወይም ተነባቢ ብሎ መደበ፤ ቀጥሎም ከምን በኋላ ምን እንደሚመጣ ተመለከተ።

ከጠቅላላው ፊደላት 43 ከመቶ ያህሉ አናባቢ ናቸው። ይህ ድምሩ ነው። ጉዞው ግን ሌላ ይላል። ከአናባቢ በኋላ አናባቢ የመጣው 13 ከመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከተነባቢ በኋላ የመጣው ግን 66 ከመቶ ያህል ጊዜ ነው። ፊደሉ የፊተኛውን ያስታውሳል ማለት ነው። ማርኮቭ በዚህ ሳይቆም ከአክሳኮቭ የስድ ንባብ መጽሐፍ ደግሞ 100,000 ፊደላትን በተመሳሳይ መንገድ ቆጠረ። ሁለት ሠንጠረዦችን ጎን ለጎን የማስቀመጥ ሥራ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት መያዝ አለበት። ማርኮቭ መቁጠር የቻለው በሩሲያ አጻጻፍ አናባቢና ተነባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ ነው። በእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ሁለቱንም አዝሏል፤ «መ»ን ወይም «ሙ»ን የትኛው ምድብ ውስጥ እንጨምረው? ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ምልክቱ መፈታት ይኖርበታል። በጤፉ መካከል ችግኝ ያለበት የአዲስ ቅዳሙ ማሳም ያንኑ ጥያቄ ያነሣል። እርሻ ነው ወይስ ደን? በመጀመሪያው ዘመን ካርታ እንደዚህ ያለው ማሳ እርሻ፣ በሁለተኛው ደን ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሠንጠረዡ አንድም ገበሬ ሐሳቡን ሳይለውጥ ሽግግር ይፈጥራል። ስለዚህ የመጀመሪያው እኩልነት የምድብ እኩልነት ነው።

ረድፍ አንድ ጥያቄ፣ ዓምድ ሌላ ጥያቄ

ወደ መቶዎቹ ማሳዎች እንመለስ። ወደ ዲከረንስ የሄዱት ከእርሻ 14፣ ከግጦሽ 4 ናቸው። በጥሬ ቁጥር ሲታይ ዛፍ የመትከል ፍላጎት በእርሻ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ የበረታ ይመስላል። ነገር ግን 14 ከ70 እና 4 ከ20 ሁለቱም 20 ከመቶ ናቸው። እርሻም ግጦሽም ለዛፍ የተሰጡት በእኩል መጠን ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው የመነሻው ስፋት ነው። በአንጻሩ ዲከረንሱ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከ24ቱ 14ቱ ከእርሻ መምጣታቸው ትክክለኛ መልስ ነው። የመጀመሪያው በረድፍ፣ ሁለተኛው በዓምድ ይመለሳል። ስለ ምርጫ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ረድፉን ነው፤ ረድፍ የሚናገረው ይህን የያዘ ሰው ቀጥሎ ምን መረጠ የሚለውን ነውና።

አር እዚህ ላይ ወጥመድ የሌለበት አይደለም። ቋንቋው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን ተሠራ፤ ስሙም ከሁለቱ የመጀመሪያ ፊደል ተወሰደ። በነጻ የሚገኝ በመሆኑ የሶፍትዌር በጀት በሌለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ተማሪም ይጠቀምበታል። «ቴብል» የሚለው ትእዛዝ ሁለት ዓምዶችን አጋጥሞ ይቆጥራል፤ «ፕሮፕ ቴብል» የሚለው ቁጥሩን ወደ ድርሻ ይለውጣል። ለሁለተኛው ትእዛዝ በረድፍ ይካፈል የሚለው ቁጥር 1 ካልተሰጠው ግን ሁሉንም ሳጥን ለጠቅላላው ድምር ያካፍላል። ስሕተት ብሎ አይጮኽም፤ የሚያምር ሠንጠረዥ ያወጣል። ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የእርሻ ገበሬ ምርጫ ተብሎ የሚነበበው ነገር ምርጫው ከመነሻው ስፋት ጋር ተደባልቆ ያለበት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የምድቦች ዝርዝር ነው። አር ምድቦችን ካልተነገረው በስተቀር በፊደል ተራ ይደረድራል፤ በጽሑፍ መልክ ከተመዘገበ መረጃ ውስጥ በአንዱ ዘመን ጨርሶ ያልታየ ምድብም ከሠንጠረዡ ይጠፋል። ግጦሽ በሁለተኛው ዘመን ካለቀ አንዱ ሠንጠረዥ ሦስት ምድብ፣ ሌላው ሁለት ይኖረዋል፤ ያኔ መቀናነስ አይቻልም። መፍትሔው ከቆጠራው በፊት ምድቦቹን በአንድ ቋሚ ቅደም ተከተል ማወጅ ነው። የጠፋው ምድብ ዜሮ ሆኖ በቦታው ይቀመጣል፤ የግጦሽ ማለቅን የሚያህል ዜና ከሠንጠረዥ ላይ ተፍቆ መቅረት አይገባውምና።

የአምስት ዓመትና የአሥር ዓመት እርምጃ

የመሬት ለውጥ የሚጠናው ከሰማይ በተነሡ ምስሎች ነው። የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት በ1972 እ.ኤ.አ. ተመጠቀ፤ የምስል ክምችቱ ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ተከፈተ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የአዊን፣ የጣናን ዙሪያና የስምጥ ሸለቆን ለውጥ በስፋት መከተል የቻሉት በዚህ በር ገብተው ነው። ደመና የሌለበት ጥሩ ምስል ግን በየዓመቱ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ዘመን አምስት ዓመት፣ ሌላው አሥር ዓመት ይሆናል፤ ሁለቱም ሠንጠረዦች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይታተማሉ።

በምሳሌያችን ቀበሌ ከአምስት ዓመት በኋላ እርሻ ሆኖ የቆየው 80 ከመቶ ነበር። የሚቀጥለው ዘመን አሥር ዓመት ቢሆንና እርሻ ሆኖ የተገኘው 72 ከመቶ ቢሆን፣ ገበሬው እርሻን ይበልጥ እየተወ ነው የሚያሰኝ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። የአምስት ዓመቱን ሠንጠረዥ በራሱ ብናባዛው ጠባዩ ሳይለወጥ ለአሥር ዓመት የሚጠበቀውን ይሰጠናል። ሁለት ጊዜ እርሻ ሆኖ የቀረው 64 ከመቶ፣ ወደ ዲከረንስ ሄዶ የተመለሰው 8 ከመቶ፣ በድምሩ 72 ከመቶ። ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው የእርምጃው ርዝመት ብቻ ነው። አር ማትሪክስን በማትሪክስ ማባዛት በአንድ ምልክት ስለሚሠራው፣ ይህን ማስተካከያ ለመዝለል የሚቀርብ ምክንያት የለም።

> ሁለት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን መታተሙ ሊነጻጸር ይችላል ማለት አይደለም።

የትኛው ሥዕል?

መነሻው፣ ምድቡና ዘመኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው ሥዕል የሚመጣው። በብዙዎች የሚወደደው የፍሰት ሥዕል ነው። በግራ ያሉ ምድቦች እንደ ወንዝ እየተከፈሉ በቀኝ ወዳሉት ይፈሳሉ፤ ስፋታቸው ብዛታቸውን ይናገራል። «የሳንኪ ሥዕል» የሚለውን ስሙን ያገኘው በ1898 የእንፋሎት ሞተር ሙቀት የት እንደሚባክን በዚህ መልክ ካሳየው ኢንጂነር ከሳንኪ ነው። ከእሱም በፊት ፈረንሳዊው ቻርልስ ሚናር በ1869 የናፖሊዮንን የሩሲያ ዘመቻ በዚሁ ዘዴ ሥሎታል። 422,000 ሆኖ የገባው ሠራዊት 10,000 ሆኖ ሲመለስ መስመሩ እንደ ክር ይቀጥናል። ያንን ሥዕል ያየ ሰው አይረሳውም።

የፍሰት ሥዕል ጥንካሬው ይኸው ነው፤ አንድ ጉዞ ይተርካል። ሁለት ጉዞ ለማነጻጸር ሲጠራ ግን ይደክማል። አንባቢው በግራ ሥዕል ያለን የተጣመመ ሪባን ስፋት በቀኝ ሥዕል ካለው የተጣመመ ሪባን ጋር በዓይኑ መለካት አለበት፤ ሪባኖቹ ደግሞ ይደራረባሉ። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በትክክል የሚያነቡት በአንድ መለኪያ መስመር ላይ ያለ ቦታን እንደሆነ፣ ስፋትና ቀለም ግን ከዚያ በታች እንደሆኑ አሳይተዋል። ከዚህ የተነሣ ለንጽጽር የሚሻለው ሠንጠረዡን ራሱን መሣል ነው ብዬ አምናለሁ። ረድፎቹና ዓምዶቹ ባሉበት ሆነው፣ ሳጥኖቹ በቀለም ይሞላሉ። ክሊቭላንድና ማክጊል ቀለምን ከሁሉ በታች ስላስቀመጡት ደግሞ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ ይጻፋል። ቀለሙ ዓይንን ወደ ቦታው ይመራል፤ ቁጥሩ ፍርዱን ይሰጣል።

ጂጂፕሎት የተባለው የአር የሥዕል ጥቅል ይህን በጥቂት መስመር ይሠራል፤ ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች ግን አሉ። የመጀመሪያው የቀለም መለኪያ ነው። ሁለቱ ሠንጠረዦች ለየብቻ ከተሣሉ እያንዳንዱ የራሱን ትልቅ ቁጥር የቀለሙ ጫፍ ያደርጋል፤ በአንዱ 20 ከመቶ የሆነው በሌላው 40 ከመቶ ከሆነው ጋር አንድ ቀለም ሊለብስ ይችላል። መለኪያው ለሁለቱም ከዜሮ እስከ መቶ ተብሎ መታሰር አለበት። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ጥቅሉ የመጀመሪያውን ረድፍ ከታች ያስቀምጣል፤ ሰያፉ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሠንጠረዡን ያነበበ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ግራ ይጋባል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የደራሲው ሥራ ነው። ሦስተኛው የሰያፉ ግዝፈት ነው። አብዛኛው ማሳ ስለማይለወጥ ሰያፉ ቀለሙን ሁሉ ይወስዳል፤ ጉዞዎቹ ፈዘው ይቀራሉ። ሰያፉን በግራጫ ትቶ ለቀሪዎቹ በሁለቱም ሠንጠረዦች አንድ የሆነ የራሳቸውን መለኪያ መስጠት ይህን ያቃልላል።

ከሁለቱ ሥዕሎች በኋላ ሦስተኛው ይመጣል፤ የልዩነቱ ሥዕል። የፊተኛው ሠንጠረዥ ከኋላኛው ይቀነሳል፤ የጨመረው በአንድ ቀለም፣ የቀነሰው በሌላ፣ ያልተለወጠው በነጭ ይቀባል። ነጩ ዜሮ ላይ መተከሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የልዩነት ረድፍ ተደምሮ ዜሮ መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ የጨመረ ድርሻ ከሌላ ቦታ የወጣ ነውና። ዜሮ ካልሆነ ከመንገዱ አንድ ቦታ ላይ በረድፍ ማካፈል ተዘንግቷል። ሥዕሉ መመርመሪያም ሆነ ማለት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የስታቲስቲክስ መምህር የመጀመሪያውን ተቃውሞ ያነሣል። የማርኮቭ ሰንሰለት፣ ማለትም ቀጣዩን ከአሁኑ ብቻ የሚገምት አቆጣጠር፣ ትዝታው አጭር ነው፤ ዲከረንስ ግን ዕድሜ አለው። ዓምና የተተከለና ለመቆረጥ የደረሰ ዛፍ አንድ ረድፍ ውስጥ ሲገቡ፣ 40 ከመቶው ታረሰ የሚለው ቁጥር የሁለቱንም እውነት አይናገርም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሠንጠረዡን መጣል አይደለም። ለጋና የደረሰ ተክል በሁለት ረድፍ ሊለዩ ይችላሉ። ይህም ካልበቃ በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ትራማይነር የተባለ የአር ጥቅል የእያንዳንዱን ማሳ ሙሉ ታሪክ እንደ አንድ ሰንሰለት ይዞ ያነጻጽራል። ሠንጠረዡ ትዝታ እንዳነሰው ማወቅ ምድቡን ለማጥራት ምክንያት ነው።

ሁለተኛውን ካርታ ሠሪው ያነሣዋል። ከሳተላይት የተነበበ ምድብ ይሳሳታል፤ ለጋ ዲከረንስ ከቁጥቋጦ ጋር ይምታታል። እያንዳንዱ ካርታ 85 ከመቶ ትክክል ቢሆንና ስሕተቶቹ ባይያያዙ፣ በሁለቱም ዘመን በትክክል የተነበበው ማሳ 72 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሰያፉ ውጭ ያለው አንዳንድ ጉዞ በገበሬው ሳይሆን በካርታው የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ንጽጽሩንም ትሑት ያደርገዋል። ጥቂት ማሳ ያለበት ረድፍ ላይም እንዲሁ ነው። በምሳሌያችን የዲከረንስ ረድፍ 10 ማሳ ብቻ ነበረው፤ አንድ ማሳ በስሕተት ቢነበብ ድርሻው በ10 ከመቶ ይዘላል። ስለዚህ ከድርሻው ጎን የረድፉ ብዛት ይጻፍ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ ያልፍ እንደሆነም ይፈተን፤ ቲ. ደብልዩ. አንደርሰንና ሊዮ ጉድማን በ1957 ለዚሁ የሚሆን መፈተኛ አዘጋጅተዋል። ያለዚህ የልዩነት ሥዕል ላይ የደመቀ ሳጥን ሁሉ ግኝት ይመስላል።

ሦስተኛው የማኅበራዊ ጥናት ሰው ተቃውሞ ነው። የመረጠው ገበሬው ነው፤ የተቆጠረው መሬቱ ነው። አንድ የላንድሳት ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ የሁለት ጎረቤታሞችን ማሳ ሊይዝ ይችላል። ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 እንዳስጠነቀቀው ስለ አካባቢ የተገኘ ዝምድና ስለ ግለሰብ አይመሰክርም። በምርጫ ጥናትም ያው ነው፤ የሁለት ዓመት የድምፅ ድምር ብቻ ይዞ ማን ከማን ወደ ማን ሄደ ማለት አይቻልም። መልሱ የቃል ጥንቃቄ ነው። ከሰማይ የተቆጠረው የመሬት ሽግግር ተብሎ ይጠራ፤ የሰው ምርጫ ለማለት ግን ያንኑ ቤተሰብ በሁለት ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሠንጠረዦች ሲገኙም እርስ በርሳቸው መነጻጸር ይችላሉ፤ ከሁሉ የሚያስተምረውም ያ ንጽጽር ነው።

ረድፉ የሰው ነው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት ፈንገስ በአዊ ዲከረንስ ላይ ወርዷል። ከበሽታው በፊት የተሠራ ሠንጠረዥ ወደፊት እየተባዛ ትንበያ ቢሰጥ፣ ገበሬው የትናንት ምርጫውን ነገም እንደሚደግም ቆጥሮ ነው። በሽታው ግን የምርጫውን መሠረት ነቅሎታል። እዚህ ላይ ነው የሁለት ዘመን ንጽጽር ዋጋው የሚታየው። ከበሽታ በፊትና በኋላ ያሉትን ሠንጠረዦች በእኩል ምድብ፣ በእኩል ዘመን፣ በእኩል መለኪያ ያስቀመጠ ሰው ለውጡ የገባው በየትኛው ረድፍ እንደሆነ ያያል። ዲከረንስ የነበራቸው ወደ እርሻ ከተመለሱ የሚያስፈልጋቸው ዘር፣ ማዳበሪያና አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ነው። እርሻ የነበራቸው መትከል ካቆሙ ደግሞ የሚሹት ሌላ የገንዘብ ምንጭ ነው። ድምሩ በሁለቱም ጊዜ ዲከረንስ ቀነሰ ብቻ ይላል፤ ኖራው ወደ ማን ቤት መሄድ እንዳለበት የሚናገረው ረድፉ ነው።